«አላውቃትም» የተባለችው እህት

ታላቅየዋ አገሯ ሳለች በዲፕሎማ ተመርቃ ነርስ ነበረች። ባሕር ማዶ ከሄደች በኋላም ሰፈሩ እናታቸውን «የሲስተር እናት» ማለቱን አልተወም። ታናሽየዋ ነርሲንግ በዲግሪ መማር የጀመረችው እሷን አይታ ነው። ኮሌጇ ለልምምድ ወደ ውጭ ሲልካት፣ የደረሳት ታላቅየዋ ያለችበት ከተማ ሆነ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ታላቅየዋ ግን በስልክ «ጎሽ፣ ሚጡዬ» ብቻ አለች። የምትሠራበትን ሆስፒታል ስትጠየቅም ወሬውን ወደ ከተማው ብርድ ወሰደችው።

በመጀመሪያው ጠዋት ተማሪዎቹ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ አስተማሪያቸውን ተከትለው የአረጋውያን ክፍል ገቡ። ቡናማ የነርስ ረዳት ልብስ የለበሰች ሴት ከአንድ ሽማግሌ አልጋ ሥር ፖፖ ይዛ ቀና አለች። እህቷ ነበረች።

«ያገራችን ልጅ ትመስላለች፤ ታውቂያታለሽ?» አለቻት አብራት የመጣችው ተማሪ።

«አላውቃትም።»

ቃሉ ሳታስበው አፈትልኮ ወጣ። ታላቅየዋ ሰማች። ፖፖውን በጨርቅ ሸፈነችና «አሳልፉኝ» ብላ በመሃላቸው አለፈች።

ታናሽየዋ ረፋዱን ሙሉ ጆሮዋ እንደጋለ ዋለ። የሽማግሌውን ደም ግፊት ለክታ ቁጥሩ ጠፋባት፤ ደግማ ለካች፣ አሁንም ጠፋባት። «ልጄ፣ ክንዴን ይዘሽው ልትሄጂ ነው?» አሏት ሽማግሌው። መሳቅ አልቻለችም።

በምሳ ሰዓት እህቷን ልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘቻት።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«አንቺ ዛሬ ነው የዋሸሽው» አለች ታላቅየዋ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች። «እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ስዋሽ ነው የኖርኩት። የዚህን አገር የነርስነት ፈተና ወደቅሁ፤ ደግሜም ወደቅሁ። እማዬ በስልክ እንደዚያ ስትኮራ ምን ልበላት?»

«ለእኔ እንኳን ብትነግሪኝ።»

«ላንቺማ እንዴት ብዬ? ሰው ሲንቀኝ ለምጄዋለሁ። ካንቺ አፍ ግን አልጠበቅኩም።»

ታናሽየዋ መሬቱን አየች።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ እንደተሰበሰቡ «ጠዋት አላውቃትም ያልኳት እህቴ ናት» አለች፤ በሁሉም ፊት። ጓደኛዋ አቀረቀረች። አስተማሪዋ ግን የጠዋቱን ነገር ስላልሰማች «ጥሩ፤ እንግዲያው ሽማግሌውን አብራችሁ እጠቡ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እህትማማቾቹ ሽማግሌውን በአንሶላ ገለበጡ። «ትከሻቸውን ደግፊ» አለች ታላቅየዋ ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሳ።

ከሥራ ሲወጡ ታናሽየዋ ሳትጠራ ተከትላት ሄደች። ታላቅየዋ የምትኖርበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አልጋው ላይ የፈተና መጻሕፍት ተከምረዋል።

«አብረን እናጥና?»

«አንቺ ልታስጠኚኝ?» ታላቅየዋ መራራ ሳቅ ሳቀች። «ነገ ነይ። ዛሬ ፊትሽን ማየት አልቻልኩም።»

«እሺ» ብላ ወጣች። በማግስቱ መጣች፤ ከዚያም ልምምዷ እስኪያልቅ በየቀኑ። የመድኃኒት ስሌት ላይ ታናሽየዋ ታስረዳለች፤ በሽተኛ አያያዝ ላይ ታላቅየዋ ታርማታለች። ስለዚያ ጠዋት ሁለቱም አላነሱም።

ታላቅየዋ ፈተናውን ያለፈችው እህቷ አገሯ ከገባች በኋላ ነው። መጀመሪያ የደወለችውም ለእሷ ነበር። «አለፍኩ» አለቻት። ታናሽየዋ በደስታ አፏን ከፈተች፤ ያቺ «አላውቃትም» ያለችባት ደቂቃ ግን መጥታ ፊቷ ተደቀነች። «እንኳን ደስ ያለሽ» እስክትል ቆየች።