ሰዓት ማክበር ይወረሳል ወይ?

ኢኮኖሚስቷ የምታጠናው ወላጆች ልማዳቸውን ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚያወርሱ ነው። ከልማዶች ሁሉ የመረጠችው ሰዓት ማክበርን ነበር። ባቡር ነጂ አባቷ ከቀጠሮ አንዲት ደቂቃ ብታልፍባቸው ቀኑን ሙሉ የሚከፋቸው ሰው ስለነበሩ ነገሩ አብሯት አድጓል። ባሏ ግን «በሉ እንውጣ» ካለ በኋላ ገላውን ሊታጠብ የሚገባ ዓይነት ሰው ነው።

የጥናቷ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። አካባቢው ሁሉ የሚያረፍድ ከሆነ፣ ሰዓት አክባሪ ወላጅ ልጁን ለማስለመድ ከሌላው ይበልጥ ይለፋል፤ ጎረቤቱም ትምህርት ቤቱም አያግዙትምና። ይህንን በቀመር አሳይታለች። ቤቷ ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ታየዋለች።

ጥናቷን በአንድ ጉባኤ ላይ በምታቀርብበት ጠዋት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ ባሏም ሥራ ስለነበረው ልጇን ይዛ መሄድ ነበረባት። ልጅቷ አንድ እግር ካልሲ አጥልቃ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

«የኔ እናት፣ ጫማሽን።»

«እሺ።»

«እሺ ካልሽ ቆየሽ እኮ።»

«አባዬ ገና ነው ብሏል።»

ባሏ ከመኝታ ቤት ሆኖ «ምን ያጣድፍሻል? እነሱም በሰዓቱ አይመጡም» አላት።

ደሟ ፈላ። ካልሲውን ራሷ አጠለቀችላት፣ ጫማውን ራሷ አሰረችላት፣ እየጎተተች ወስዳ ታክሲ ውስጥ ከተተቻት።

አዳራሹ ተቆልፏል። ጥበቃው ቁልፍ ፈልጎ ከፈተላቸውና ባዶ ወንበሮች መሃል ተቀመጡ። ሰብሳቢውና ሌሎቹ ተናጋሪዎች ከብዙ ቆይታ በኋላ እየተሳሳቁ ገቡ።

«ትንሽ ስላረፈድን የሁሉንም ሰዓት እናሳጥራለን» አለ ሰብሳቢው።

በሰዓቷ የመጣችውም አብራ ተቀጣች። ዋናውን ማስረጃ ዘልላ እየተጣደፈች ስትጨርስ አንድ ወጣት ተመራማሪ እጁን አወጣ።

«ሁሉም በሚያረፍድበት ቦታ ሰዓት ማክበር ለልጁ ምን ይጠቅመዋል?»

ሰው ሳቀ።

«የለካሁት የወላጁን ልፋት ነው። የልጁን ጥቅም አልለካሁም» አለች ጥርሷን ነክሳ። ይበልጥ ያናደዳት ጥያቄው ጥሩ መሆኑ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ እጇን ነካ አደረገቻት።

«እማዬ፣ ነገ ትምህርት ቤት አባዬ ያድርሰኝ?»

«ታረፍጃለሽ።»

«ሁሉም ያረፍዳል እኮ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ደክሟት ነበር። «እሺ፣ ያድርስሽ» አለች።

በማግስቱ ሁለቱን ቁርስ ላይ ትታቸው ብቻዋን ወጣች። «ቶሎ በሉ» የምትለው ሰው ስላልነበረ ጠዋቱ ቀለል አላት። ይኸም አናደዳት።