ለመክብብ ብስክሌት የተመረጠ ጎማ

ፈቃደ ቁርስ ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደጃፍ ቆሞ እንደ እድር ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የመክብብ ብስክሌት ዛሬ ጎማ ይቀየርለታል» ብሎ አስታወቀ።

ፉል የሚበሉት ሾፌሮች ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አንዱ «ደግ ነው» አለ። ሌላው አሰበና «ጎማ ጥሩ ነገር ነው» አለ። ሞያሌ ውስጥ ጎማ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።

ድምፁን ከፍ ያደረገው ማድ ቤት ያለችው ሚስቱ ወይንሸት እንድትሰማ ነው። ልጃቸው መክብብ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ታንዛኒያ ላይ በወባ ሞቷል። አብሮት የነበረ ልጅ ለፈቃደ ደውሎ ነግሮታል። መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ አይወረወርም፤ ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው አጠገብ ሆኖ። ወይንሸት ደም ብዛት አለባት። ስለዚህ ከቄሱ ጋር ተማክሮ፣ ወንድሟ ከዲላ እስኪደርስ ሞቱን ሊደብቃት ወሰነ።

ትናንት ግን «ምነው የልጁ ድምፅ ጠፋ?» አለችው።

«ደውሎ ነበር» አላት ደንግጦ።

«ምን አለ?»

ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው ብስክሌት ጋር ተገጣጠመ። «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ጎማዬን ቀይርልኝ አለ።»

እንዲህ ያለ ሰው እንግዲህ ጎማ መግዛቱ የግድ ነው።

ብስክሌቱን እየገፋ ማንያታ ሰፈር ወረደ። ብስክሌት ጠጋኙ ዲባ፣ ሰፈሩ «ፈንዲ» የሚለው፣ ሲያየው ከመቀመጫው ተነሳ። ለደንበኛ ተነስቶ አያውቅም።

«ልጁ የት የት ነው የሚነዳው፣ ጋሽ ፈቃደ?»

«አስፋልቱን ይወዳል። ጎዶማም ይመላለሳል፣ በጠጠሩ መንገድ፣ በፒስታው።»

«እህ። ይኼ ለስላሳው ጎማ ላሚ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ይበራል። ፒስታ ላይ ግን አሸዋ ሲያይ ይከዳሃል፣ እሾህም አይችልም። ይኼ ጥርሳሙ ድንጋዩንም አሸዋውንም ይቧጥጣል፤ ላሚ ላይ ሲወጣ ግን እያጉረመረመ ጉልበት ይበላል።»

«ጉልበትስ አለው» አለ ፈቃደ።

ዲባ ጎማውን አገላበጠ። የሚታይ ነገር አልነበረበትም።

የኪራይ ሞተሩን፣ ቦዳቦዳውን፣ የሚያስጠግነው ጃርሶ ጣልቃ ገባ። «ጥርሳሙን ውሰድ ስልህ። ያንተ ልጅ መች ቀስ ይላል? አንድ ቀን ላሚው ላይ ሲበር ፍየል ገጭቶ…» አለና አፉን ያዘ።

«ገጭቶ ምን?»

«ገጭቶ… ፍየሏ ተረፈች።»

«ተመስገን» አለ ዲባ፣ ለፍየሏ።

ፈቃደ ሦስተኛውን ዓይነት አነሳ፤ መሃሉ ለስላሳ፣ ዳር ዳሩ ጥርስ ያለው። «ይኼስ? ለሁለቱም መንገድ ይሆናል?»

«ይሆናል ይላሉ። እውነቱን ከነገርኩህ ግን ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ነው የሚሠራው።»

ዲባ የገዛ ዕቃውን ሲያጣጥል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ፈቃደ ያን ጊዜ ገባው፤ ሰፈሩ ሁሉ የልጁን ሞት ሰምቷል፣ እሱ አልሰማም ብለው ሊደብቁት ነው። እንዳልገባው ሆነ።

«የሚቆየው የቱ ነው?» አለ።

«ጥርሳሙ ይቆያል።»

«እሱን ግጠምልኝ።»

ዲባ ከመነዳሪውን ከተተ፣ ጎማውን በቸርኬው ላይ አለበሰና ይነፋ ጀመር። «ለፒስታ ትንሽ ላላ ይበል፣ ወይስ ላሚው እንዲስማማው ላጥብቀው?»

«አጥብቀው። ሲመጣ ራሱ ያላላዋል።»

«ያላላዋል» አለ ዲባ።

«እሱ ምን ያቅተዋል» አለ ጃርሶ።

ይህን ሲሉ ወይንሸት ከሴት ልጃቸው ከማኅደር ጋር ደረሰች። ማኅደር የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳለች፤ የእናቷ ክንድ ላይ ዱቄት አለ። ጃርሶ በርጩማውን ለቀቀላት፣ አልተቀመጠችም። አጎንብሳ አዲሱን የኋላ ጎማ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው።

«ጥሩ ጎማ ነው» አለች። ቀጥላም ለዲባ፣ «መቀመጫውን ዝቅ አድርግልኝ፣ የኔ ወንድም። ለማኅደር ቁመት። ከእንግዲህ የምትነዳው እሷ ናት።»

ዲባ ፈቃደን አየው። ፈቃደ መሬቱን ያያል።

ዲባ መፍቻውን አነሳ። ብሎኑ በመክብብ ቁመት ላይ ዝጎ ተጣብቋል። ፈቃደ ብስክሌቱ እንዳይወድቅ መሪውን ያዘ፤ ወይንሸትም እጇን እጁ ላይ ጫነች። ዲባ ሙሉ ክብደቱን መፍቻው ላይ ጣለ፤ ብሎኑ አቃስቶ ዞረ፣ መቀመጫውም ዝቅ አለ።