ኦርቪል የተዋት ስምንት ምት

«እኔ አሁንም አይገባኝም» አለ ፒያኖ ተጫዋቹ ላመር፣ የዶሮ ጭን በእጁ እንደያዘ። «ሸክላው ላይ ሁሉም ዝም ይላል ብለህ ስትጠብቅ ቤዙ ይገባል፣ ትራምፔቱ ይመልስለታል። ደግሞ ቤዙ፣ ደግሞ ትራምፔቱ። ስምንት ምት ብቻ! ቁጭ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት ቢኖረው ነው?»

«ባቡር ላይ ነው የጻፈው» አለች ኧርነስቲን። ባሏ፣ ትራምፔት ነፊው ኦርቪል ቲብስ፣ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ከቺካጎ ስንመለስ። ትከሻው ላይ ተኝቼ ነበር።»

ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ክሊታስ ባውሰር ብቻ አንገቱን ደፍቶ የቀዘቀዘ ቡናውን ያማስላል። በዚያ ሸክላ ላይ ቤዙን የተጫወተው እሱ ነው። ኦርቪል ያንን ስምንት ምት እንዳልጻፈውም ያውቃል። ሸክላው የተቀረጸ ቀን አብረዋቸው ከተጫወቱት ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ አውሮፓ እንደወጣ ቀርቷል።

ቀብሩ ነገ ነው። ኧርነስቲን ትናንት የክሊታስን እጅ ይዛ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያንን ዜማ ትጫወቱልኛላችሁ። ከዚያ በፊት አንተ ተነስተህ እንዴት እንደጻፈው ትናገርልኛለህ» ብላዋለች፤ እሱም እሺ ብሏል። እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። ቢዋሽ እንደ ወንድም የሆነለትን ሰው ውለታ በሬሳ ሳጥኑ ፊት መካድ ሊሆንበት ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ የዚችን ሴት የመጨረሻ ኩራት ሊነጥቃት ነው።

«ለመሆኑ ፓስተሩ ፈቅደዋል?» ብላ አንሾካሾከች የቤተ ክርስቲያኑ አባል እህት ፐርሊ፣ ያመጣችውን የስኳር ድንች ኬክ ለኧርነስቲን እያቀበለች። «ጃዝ በጌታ ቤት?»

«ኦርቪል ትራምፔት የለመደው እዚያው ጌታ ቤት ነው። መጀመሪያ ሲነፋ ያጨበጨብሽለትም አንቺ ነሽ።»

«ያኔ መዝሙር ነበራ!»

«አሁንም ጆሮ ላለው መዝሙር ነው» አለች ኧርነስቲን፣ ኬኩን ተቀብላ ወደ ጓዳ እያለፈች። እህት ፐርሊ አፏን በመሐረብ ሸፍና ሳቀች።

ክሊታስ አልሳቀም። ሐሳቡ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።

ያን ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት አሥራ አንድ ወር ሆስፒታል ተኝቶ ገና መውጣቱ ነበር። ፊላደልፊያ ውስጥ ያሉት ባንዶች በሙሉ ጣቱ ሞቷል ብለው ትተውታል። የሸክላ ኩባንያው ሰውም ሌላ ቤዝ ተጫዋች እንዲፈለግ ጠይቆ ነበር። ኦርቪል «ክሊታስ ካልመጣ እኔም ቤቴ እተኛለሁ» አለና ነገሩ በዚያው አበቃ።

ሁለት ቀን በኦርቪል ምድር ቤት ተለማመዱ። ዜማው ላይ ኦርቪል ለራሱ ያስቀራት አንዲት ቦታ ነበረች። ሁሉም ዝም ይላል፤ ስምንት ምት ያህል ትራምፔቱ ብቻውን ይናገራል። እውነቱን ለመናገር ዜማው የተጻፈው ለእሷ ሲባል ነው። ኦርቪል እዚያች ጋ ሲደርስ ጎልማሶቹ ሰዎች አንዳንዴ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። ክሊታስ ግን ዓይኑን ከድራመኛው ግራ እግር ላይ አይነቅልም። በዝምታው መሐል ያ እግር ድምፅ ሳያሰማ ምቱን ይቆጥራል፤ ክሊታስም መግቢያውን የሚያውቀው በእሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኒው ጀርሲ ወዳለው መቅረጫ ቤት ሄዱ። ድምፅ ቀራጩ የድራሙ ጩኸት እንዳይበዛ ብሎ በድራሙና በቤዙ መካከል የእንጨት መከለያ አቆመ። የድራመኛው እግር ተሸፈነ። ክሊታስ አንድ ቃል ተናግሮ ማስነሳት ይችል ነበር። ግን ደከመ እንዳይሉት ፈርቶ ዋጥ አደረጋት።

ሙዚቃው ከመጀመሪያው እሳት ሆኖ ተነሣ። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ ሁሉም ዝም አለ። ኦርቪል ገና ትንፋሹን ሲለቅ ክሊታስ ቆጠራው ጠፋበትና ወፍራሙን ክር መታው። እጁ ሲወርድ ስህተቱን አውቆታል፤ ግን የወጣ ድምፅ አይመለስም። ኦርቪል የጀመረውን ቆረጠና ለቤዙ መለሰለት፤ ልክ ምእመን ለሰባኪ «አሜን!» እንደሚለው። ክሊታስ ከድንጋጤው የተነሣ ደግሞ መታ። ኦርቪልም ደግሞ መለሰ። ከዚያ ድራሙ እንደ ናዳ ወረደና ሁሉም አብረው ገቡ።

«ቤዙ ቀድሞ ገባ!» አለ የኩባንያው ሰው ከመስታወቱ ጀርባ። «ነግሬህ አልነበር?»

ኦርቪል አፉን በእጁ ጠረገ። «ማነው የቀደመው? እንዲህ ነው የጻፍኩት።»

«ኖታው ላይ እኮ—»

«ኖታው አሮጌ ነው።» እርሳስ አውጥቶ የእያንዳንዳቸውን ወረቀት እየዞረ ሰረዘ፣ ጻፈ። ክሊታስ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በደንብ ያዛት። ከእንግዲህ ያንተ ናት» አለው። ሸክላው ወጥቶ ከባልቲሞር እስከ ዲትሮይት በየፀጉር ቤቱ ሲጮህ፣ ክሊታስም ዳግመኛ ሥራ ሳያጣ ሲኖር፣ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡም።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ክሊታስ ኧርነስቲንን ተከትሎ ጓዳ ገባ። ሳህን እያጠበች ነበር። ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ምንም አላስቀረም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ!» አለች ሳትዞር። «ለዓለም ሁሉ ሳወራ እያየኸኝ ዝም አልክ?»

«ፈራሁ፣ ኧርነስቲን።»

«እና ባቡር ላይ የጻፈው ምኑን ነው?»

«የቀረውን ሁሉ። እሷንም ቦታ ጽፏት ነበር፤ ግን ሌላ ነበረች።»

«እንዴት ነበረች?»

የዘፋኝ ድምፅ የለውም። ቢሆንም ጉሮሮውን ጠርጎ በሻከረ ድምፁ አንጎራጎራት። ኧርነስቲን በእርጥብ እጇ የገንዳውን ጠርዝ ያዘች።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለች። «ጢሙን ሲላጭ የሚያፏጫት ናት። በየጠዋቱ። የእናቱ ዘፈን ትመስለኝ ነበር።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ይቺን ነው ለአንተ ሲል የተዋት?»

«ለእኔ ሲል።»

 ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። «ነገ ይህንኑ ተናገር። ዜማውንም መጀመሪያ እንደጻፈው ተጫወቱልኝ።»

«ትራምፔት የለንም እኮ። የእሱን ድርሻ ላመር በፒያኖ እንዲሞላው ነበር የተነጋገርነው። ያቺ ቦታ ግን—»

«ማንም አይንካት» አለች።

በማግስቱ ክሊታስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነስቶ ስህተቱን በገዛ አፉ ተናገረ። «ተናገር ልጄ!» አለች እህት ፐርሊ ከመሐል፣ ሌሎችም ተቀበሏት። ከዚያ ቤዙን አቅፎ ጀመረ፤ ላመርና አዲሱ ድራመኛ ገቡ፤ ሰው በጭብጨባ አጀባቸው። ቦታዋ ደረሰች። ፒያኖው ዝም አለ፣ ድራሙ ዝም አለ፣ ጭብጨባውም ቆመ። የክሊታስ ጣቶች በስድስት ዓመት ልምድ ወደ ወፍራሙ ክር ሄዱ። መዳፉን ዘርግቶ አራቱንም ክሮች ድምፅ እንዳያወጡ ተጭኖ ያዘና ስምንት እስኪሞላ ድረስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በልቡ ለኦርቪል ቆጠረለት።