የውሃ ዳኛው ልጅ

መኪናው ከአጥሩ ውጭ ገና ሳይቆም እናትየዋ ሰው ሞቷል ብላ ደምድማ ነበር። ልጇ በሥራ ቀን፣ ያውም ሳትደውል ስትመጣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ምስር የምትለቅምበትን ትሪ ጭኗ ላይ እንደያዘች ዘመድ አዝማዱን በልቧ ዞረች፤ አንድ የታመመ አጎት ነበራት፣ እሱን ቀበረችው። አልቅሳለት ልትጨርስ ስትል ልጅቷ የወጥ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ እየሳቀች ገባች።

«ማን ሞተ?» አለቻት ሰላም እንኳ ሳትላት።

«ማንም አልሞተም እማዬ። እስቲ መጀመሪያ በሕይወት ያለሁትን እኔን ሳሚኝ።»

ልጅቷን የአካባቢው ሰው «ሽማግሌዋ» ነበር የሚላት። ጥርሷ ሳይነቀል ጀምሮ ሁለት ሕፃናት ከተጣሉ መሀል ገብታ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ «እስቲ አንተ ጀምር» ስለምትል የወጣላት ስም ነው። ዛሬ ፀጉሯ ጣል ጣል ያለ ሽበት አብቅሎ ስሙን ሊመስል ደርሷል። ከተማ ገብታ ተማረች፣ አስተማረች፣ ከዚያ ፖለቲካ ውስጥ ገባች። እናትየዋ ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰው ስለ በሽታ እንደሚያወራው።

ልጅቷ በርጩማ ስባ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ከትሪው ጠጠር መልቀም ጀመረች።

«ፓርቲው በመሪነት ሊያወዳድረኝ ነው። ካሸነፍን አገር የምመራው እኔ ነኝ ማለት ነው። ነገ መልስ እሰጣለሁ፤ አንቺ እምቢ ካልሽ ግን አልገባበትም።»

እናትየዋ ጣቷ ምስሩ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ስድቡ ታያት፣ ቀጥሎ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ የብረት በሩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳለች፤ ታሪክ አንብባለች። ካነበበችው ውስጥ ደግሞ በሰላም አርጅቶ አልጋው ላይ የሞተ መሪ አንድም ትዝ አልላት አለ።

«አሞኛል በያቸው» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «እንደዚያኛው ውሸትሽ ነው? ጭቃው ራሱ ተናደ እንዳልሽው?»

እናትየዋ ልትቆጣ ብላ ሳቋ ቀደማት። ያን ቀን ሁለቱም አልረሱትም።

ያኔ መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነበር። ውሃው ከላይ ከወንዙ ተጠልፎ፣ በየማሳው ጥግ እየታጠፈ፣ ዳርና ዳሩ ለምለም ሣር አብቅሎ፣ ታች ድረስ ይወርዳል። ማሳው በተራ ይጠጣል፤ የአንዱ ሲያበቃ አፉ በጭቃ ይደፈናል፣ የቀጣዩ ይከፈታል። «ተራ ደረሰ!» የሚለው ጥሪ ከማሳ ማሳ እየተቀባበለ ሲሄድ እናትየዋ እቤቷ ሆና ውሃው የት እንደደረሰ ታውቅ ነበር። ዛሬ የውሃ ሞተርና የጎማ ቱቦ መጥቶ ቦዩ ደርቋል፤ ማንም ማንንም አይጣራም። እሷ ግን አንዳንድ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲያርፍ፣ ጆሮዋን ትጥላለች።

ተራውን የሚያስከብረው የውሃው ዳኛ ባሏ ነበር። አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቦዩን ይከተላል፤ ልጅቱም ጫማዋን በእጇ ይዛ እሱን ትከተላለች። ዳኝነቱ ክፉ ሕግ ነበረው፦ ዳኛው የሚያጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ውሃው ከተረፈ ተረፈ፣ ካለቀ አለቀ። «የዳኛ ሚስት ሆኜ የሰው ትራፊ የምጠብቅ የቦይ ለቅላቂ ሆንኩ» እያለች በነገር ስትወጋው፣ «ታዲያ ቀድሜ ጠጥቼ ማንን ልዳኝ?» ይላታል፤ ይስቃል። ሳቁ ብቻ ነበር የሚያበሽቃት። አሁን ያንን ሳቅ ለመስማት ስንት ማሳ ሽንኩርት በሰጠች።

አንድ በጋ ባልየው በወባ ተኛ። ልጅቷ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ማንም ሳያዛት አካፋውን አንሥታ ወጣች። እናትየዋ፣ «እባብ ይነድፍሻል፣ ቦይ ይወስድሽ ይሆናል» እያለች እስከ አጥሩ ተከተለቻት። የፈራችው ሁሉ ሳይሆን ያልፈራችው ሆነ።

ተራው የ«ኮሎኔሉ» ነበር። ኮሎኔሉ ወታደር ቤት በበሩም አላለፈ፤ ማዕረጉን ያገኘው በጢሙ ነው። እሱ ገበያ ውሎ ሳለ ልጅቷ ከቦዩ ጫፍ ያለችውን ባልቴት አየች። ውሃ እሷ ጋ ሲደርስ ሁሌም ክር አክሎ ነው፤ ባቄላዋ አንገቱን ደፍቷል። ልጅቷ የኮሎኔሉን ማሳ አፍ ደፈነችና ውሃውን ቁልቁል ለቀቀችው። ኮሎኔሉ ሲመለስ፣ በዚያው ቀን ይጠጣል ብሎ ጠዋት የተከለው የቲማቲም ችግኝ መሬት ላይ ተኝቶ ጠበቀው።

ሰው አስከትሎ መጣ። «ተራዬን የበላው ማነው?» እያለ ከአጥሩ ጀመረ።

እናትየዋ በሩ ላይ ቆመች። ቤታችን ይቃጠላል፣ ከመንደሩ እንባረራለን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችና፣ «ማንም አልነካውም ጋሼ፤ ጭቃው ራሱ ተንዶ ነው» አለች።

ከኋላዋ፣ «አልተናደም» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። የእትዬ ባቄላ ሊሞት ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት እናትየዋ በወደደች። ኮሎኔሉ ጢሙን ያዘ፤ ሊጮህበት የመጣው ሰው እዚህ ግባ የማይባል ልጅ ሆነበት። ያኔ ባልየው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። ልጁን አልመታትም፤ አላሞገሳትምም።

«ለእትዬ አዝነሽ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ማዘኑስ ደግ። ግን የሰጠሻት የማንን ነው?»

ልጅቷ ኮሎኔሉን በአገጯ አሳየች።

«የራስሽን ብትሰጪ ቸር ትባያለሽ። የሰው ወስደሽ ስትሰጪ ግን የተቀበለው ይመርቅሻል፣ የተወሰደበት ይረግምሻል፣ ውሃው ግን ያው ነው፣ አልበዛም። ተራችን እስከ ክረምት ለእሱ ነው። ነገም ችግኙን አብረሽው ትተክያለሽ።»

«እትዬስ?» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ እየወረደ፣ ግን ሳትተወው። «ሁሌ እኮ ክር ነው የሚደርሳት!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያንን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አንሥቶት አያውቅም፤ ዳኛውም ጭምር። ባልየው፣ «እሱን ሁላችንም ተቀምጠን እንነጋገርበታለን» አለ። ተነጋገሩበትም፤ ከዚያ በጋ ጀምሮ ተራው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች መነሣት ያዘ። ኮሎኔሉ በማግስቱ ከልጅቷ ጋር ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሲተክል፣ «ይቺ አንድ ቀን ትገዛናለች፤ ለጊዜው ግን ሥሩን ደህና አድርገሽ ቅበሪ!» እያለ ይጮህባት ነበር። በዚያ ዓመት የዳኛው ቤት ሽንኩርት የነጭ ሽንኩርት ፍሬ አክሎ ቀረ። እናትየዋ ዓመት ሙሉ ስታጉረመርም ኖረች።

አሁን ልጅቷ ትሪውን ትታ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እናትየዋ አየቻት፤ የምሯን ነው። «እምቢ» ብትላት ትቀራለች፣ ደግሞም ቂም አትይዝም። ይህን ስታውቅ ከድንጋዩም ከብረት በሩም ይልቅ ይህ አስፈራት። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ልጇን እቤት ታስቀራለች፣ ከዚያ ደግሞ ዕድሜ ልኳን የማን ተራ እንደዘጋች ስታስብ ትኖራለች።

«ቢሰድቡሽስ?»

«ይሰድቡኛል።»

«ብትሳሳቺስ?»

«እሳሳታለሁ እማዬ። አልተሳሳትኩም ካልኩ ያን ጊዜ ፍሪልኝ።»

እናትየዋ እያቃሰተች ተነሣችና ጓዳ ገባች። የሳጥን ክዳን ሲንኳኳ፣ ዕቃ ሲገለባበጥ ተሰማ። ስትመለስ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ይዛ ነበር። በልጇ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ደግሞ ለምንድነው? በዚህ ሙቀት!»

«እስር ቤት ይበርዳል ይባላል።»

ልጅቷ ሹራቡን አየች፣ እናቷን አየች። «እሺ ማለትሽ ነው?»

«እሺ አላልኩም» አለች እናትየዋ ትሪውን መልሳ እየሳበች። «ሹራብ ነው የሰጠሁሽ። ነገ ስትሄጂ ግን ደህና ልብስ ልበሺ፤ የዳኛ ልጅ ነሽ፣ እንደ ቦይ ለቅላቂ ሆነሽ እንዳትታዪ።»