የኤላዲዮ ቀኝ እጅ

የመለያ ልብሱ ቁልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ከኤላዲዮ ጣቶች አመለጠ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ደንዝዘዋል፤ ከክርኑ የሚወርደው ንዝረት ዛሬም አለቀቀውም። ቁልፉን ተወውና በግራው የያዘውን የቡና ኩባያ፣ ሰው አለማየቱን ገልመጥ ብሎ አረጋግጦ፣ ወደ ቀኙ አዛወረው።

"አየሁህ!" አለው ዮርማን። ዮርማን በቤዝቦል ቡድኑ ውስጥ ኤላዲዮ የሚወረውረውን ኳስ የሚቀበል ጓደኛው ነው፤ በአገራቸው ከተማ በባኒ በአንድ ሰፈር ነው ያደጉት። "አምስት ቀንህ። ቡና'ኮ አትወድም!"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለሽማግሌው ንገራቸው።"

"ነግሬስ? ያለ ውል ለሙከራ የመጣሁ ሰው ነኝ። ቡድኑ ውስጥ የሚቀሩት ሰዎች ስም ሊወጣ አሥር ቀን ቀርቶታል። ዛሬ ክርኔን አመመኝ ብል ነገ ወደ ቤትህ ነው የሚሉኝ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ማን ይጠብቀኛል?"

ሽማግሌው የቡድኑ ወጌሻ ሚስተር ሎውል ናቸው። የጸደይ ልምምድ ከተጀመረ ወዲህ በየማለዳው በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ወርዋሪ በሚወረውርበት እጅ ይጨብጡታል። ሰላምታ ይመስላል እንጂ ምርመራ ነው። ኤላዲዮ ይህን ስለሚያውቅ፣ በቀኙ ትኩስ ቡና ይዞ ግራውን ሲዘረጋላቸው ሰንብቷል።

"ክንድህስ እንዴት አደረ፣ ልጄ?" አሉት ዛሬም በሩ ላይ።

"እንደ ብረት ነው፣ ዶክ።"

ኩባያውን አየት አደረጉና አሳለፉት።

የአሪዞና ፀሐይ ገና በማለዳው ያቃጥላል። ልምምድ ሜዳው ላይ ዱላውን ይዞ ፊት ለፊቱ የቆመው ኮልቢ ነው፤ ቀልደኛ መቺ፣ ሚስቱ ባለፈው ወር ወልዳለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኳሶች ደህና ሄዱ። አራተኛዋ ግን መቼ ከእጁ እንደወጣች ኤላዲዮ ራሱ አላወቀም። በቀጥታ ወደ ኮልቢ ፊት ተምዘገዘገች። ኮልቢ በጀርባው ወደቀ፤ የራስ ቁሩ ተንከባለለ።

ኤላዲዮ ጮኸ። "ድንግል ሆይ፣ ገደልኩት!"

ኮልቢ ግን ኳሷ ለጥቂት ስታው ነበርና አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። "ምን በደልኩህ ወንድሜ? ጢሜን ልትላጨኝ ከሆነ በምላጭ አይሻልም?"

ሜዳው በሳቅ ሞላ። "አመለጠችህ፤ ድገም!" አለ አሰልጣኙ።

ኤላዲዮ መሳቅ አቃተው። እስከዛሬ የፈራው ለክርኑና ለእንጀራው ነበር፤ የደነዘዘ እጅ የሰው አባት ሊገድል እንደሚችል አላሰበም። ኮልቢ ደግሞ ምንም ሳይጠረጥር ተመልሶ ቆሞ ዱላውን ያወዛውዛል።

ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጣት።

"ወዴት ነው?" ብሎ ጮኸ አሰልጣኙ።

ኤላዲዮ ወደ ወጌሻው ክፍል አመራ። ሚስተር ሎውል ክፍላቸው በር ላይ፣ የቀዘቀዘ የቡና ኩባያውን ይዘው ቆመዋል።

"ቡናህን ረስተኸው ሄድክ" አሉት። "ጠብታ እንኳ አልቀመስክም።"

ኤላዲዮ ኩባያውን አልተቀበላቸውም። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ያዙት፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጣቸው።

ሚስተር ሎውል ቀና ብለው አዩት። "በል እንጂ ልጄ፣ ጨብጠኝ።"

"እየጨበጥኩዎት'ኮ ነው" አለ ኤላዲዮ።