ራጅ የማያሳየው ጅማት

የቤት ዕቃ ማጓጓዣው ባለቤት የሆኑት አጎቷ የወንድሟን የጉልበት ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት።

«ይኸውልሽ፣ ስብራት የለ፣ ስንጥቅ የለ። የሰነፈው ልቡ ነው።»

ዕቃ ጫኞቹ ሳቁ። «ክሬኑ» የሚሉት ታናሽ ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ከሳምንታት በፊት ቁም ሣጥን ተሸክሞ ደረጃ ላይ ሲዞር እግሩ እንደ ተተከለ ቀርቶ ገላው ብቻ ዞረ፤ ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር «ጧ» አለ። እብጠቱ ጎድሏል፤ ደረጃ ሲወርድ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ዛሬ ትልቅ ማቀዝቀዣ ከአራተኛ ፎቅ አውርድ ተብሏል። እምቢ ካለ ከሥራው ይባረራል።

እህቱ ባሕር ማዶ የተማረችው የመገጣጠሚያ ሕክምና ነው። ደሟ ፈላ።

«ጋሼ፣ ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ጅማት የተበጠሰ እንደሆነ አይናገርም።»

«ጅማት ደግሞ ምን ይሠራል?»

«የጭኑ አጥንት ቅልጥሙ ላይ እንዲሁ ተቀምጧል እንጂ አልተቆለፈም። ግራና ቀኝ ጅማት ይዞታል። መሃሉን ሁለት ጅማቶች ተጠላልፈው አስረውታል፤ በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚሆን ልም አጥንት አለ፣ ከላይ የጭን ጡንቻ ይወጥረዋል። ከተጠላለፉት የፊተኛው ከተበጠሰ ቅልጥሙ ወደ ፊት ይሾልካል።»

«እዚያ የተማርሽው ወሬ እዚህ ዕቃ አያነሳም።»

ጫኞቹ እንደገና ሳቁ። ለአፍታ ራሷን ተጠራጠረች፤ ለወንድሟ ነው የምትሟገተው ወይስ ለተማረችው? ከዚያ የወንድሟን ፊት አየች።

የመጋዘኑ መደርደሪያ ሥር ፍራሽ አንጥፋ አስተኛችው፤ ሁለቱንም ጉልበቶቹን አጠፈች። የአጎቷን አውራ ጣት ጤነኛው ጉልበት ላይ አስቀምጣ ቅልጥሙን ሳበች። ንቅንቅ አላለም። ወደ ታመመው ተሻገረች። ቅልጥሙ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ፊት ተንሸራተተ።

አጎቷ እሳት እንደ ነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ማቀዝቀዣውን ሌላ ሰው ያውርድ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «አንተ ሐኪም ቤት ሂድ። ሥራህ ይቆይሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ ወንድሟ።

ይሄኔ ነው እህቱን እልህ የያዛት።

«ምኑን ነው የምታመሰግነው? ይከዳኛል እያልክ ስትለምናቸው አልነበር?»

«የእኔን ማን ይሰማል፣ እትዬ።»

ወደ አጎቷ ዞረች። «በአፉ ሲነግርዎ ውሸታም ሆነ፤ በጣትዎ ሲነኩት አመኑት።»

«ሥራውን አልነጠቅሁት። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ይቅርታ ይጠይቁታ። እርስዎ የሰነፈው ልቡ ነው ሲሉ እነዚህ ሁሉ ሰምተዋል።»

አጎቷ ራጁን ፖስታው ውስጥ ከተው ፍራሹ ጫፍ ላይ ወረወሩት።

«ምን ይገትራችኋል» አሉ ለጫኞቹ፣ «መኪናው ይጠብቃል።» ወንድሟን ቀና ብለው ሳያዩት ወጡ።