ምንም አይልም ማለት

አርዲስ ቶለፍሰን የተማሪ አውቶቡስ ሃያ ስድስት ዓመት ስትነዳ አንድ መስታወት እንኳ አልሰበረችም። ይህን የማውቀው መካኒኩ እኔ ስለሆንኩ ነው፤ እሷን ብትጠይቋት «ዕድል ነው» ትላችኋለች። ግቢ ገብታ ስታቆም በመስኮቱ ራሷን ስትሰድብ የሚሰማው ሁሌ አንድ ነው፤ «አይ አንቺ ድንዙዝ! ይሄ ደግሞ ማቆም ነው?» አውቶቡሱ ከመስመሩ አንድ ጣት አላለፈም።

እኛ የሰሜን ሚኒሶታ ሰዎች ራስን ማሞገስን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከማፏጨት ለይተን አናየውም። ከሙገሳ ሁሉ ትልቁ «ምንም አይልም» ነው። አባቴ እናቴን ሊያገባ ሲል ስለ እሷ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ።

ባለፈው ኅዳር አዳዲስ ሹፌሮችን በረዶ ላይ መንዳት የሚያሠለጥን ሰው ተፈለገ። አርዲስ ሥራውን ፈለገችው። መፈለጓን ያወቅኩት ቅጹን ሦስት ጊዜ ሞልታ ሦስት ጊዜ ስለቀደደችው ነው። በአራተኛው «የመንዳት ችሎታዎን ይግለጹ» ለሚለው «ምንም አይልም» ብላ ጻፈች። «በረዶ ላይስ?» ለሚለው ደግሞ «ከእኔ የባሰም አለ።»

እኛ ዘንድ ይህ ፉከራ ነው። አለቃችን ራሚሮ ካንቱ ግን ከቴክሳስ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነበር፤ ያነበበውን አመነ። ሥራውን ለሌላው ሹፌራችን ለብሮዲ ሰጠው። ብሮዲ ስለ ራሱ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጽፏል። አምና በረዶ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ቦይ ሲገባ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«ልክ ነው የሠራው» አለች አርዲስ። «እኔ ምን አውቃለሁና ነው የማሠለጥነው?»

«እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

«ጉንፋን ነው።»

ደሜ ፈላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ አርዲስ ግን ባለቤቷም ናቂዋም ራሷ ናት። ክንዷን ይዤ ካንቱ ቢሮ አስገባኋት።

«ይቺ ሴትዮ ቅጹ ላይ ዋሽታለች» አልኩት።

አርዲስ ክው አለች። ካንቱ ወረቀቱን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«የቱ ጋ ነው የዋሹት?»

«እሷው ትንገርህ።»

«እኔ እንጃ» አለች መሬት መሬት እያየች። «መቼም ብዙ ይጎድለኛል፣ እርጅናውም አለ…»

«ይቆዩኝ ወይዘሮ አርዲስ» አለ ካንቱ። «ነገ መንገዱ በሙሉ በረዶ ነው እንበል። የልጅ ልጅዎ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። ሹፌሩን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ማን ይንዳ?»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስድቡ እየመጣ ነበር። አልወጣም። ያ ልጅ ሊሳፈርበት ባለው አውቶቡስ ላይ መቀለድ አልሆነላትም።

«እኔ» አለች። «ሌላ ሰው መሪውን እንዲነካ አልፈቅድም። እዚህ ከተማ ከእኔ የሚሻል የለም።»

እስከ ጆሮዋ ቀላች። «ብሮዲም ጥሩ ልጅ ነው» ብላ ቶሎ ጨመረች።

ካንቱ የብሮዲን ቅጽ ወደ ጎን አድርጎ አዲስ ቅጽ አቀበላት። «ልክ አሁን እንዳሉት አድርገው ይጻፉት።»

ጻፈችው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም አለች።

«ሌስተር፣ ጉራዬን ነፋሁ አይደል?»

«በደንብ!»

የአውቶቡሷን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።

«እውነት ነው ግን» አለችና ልጆቹን ልታመጣ ሄደች።